በቤተ መጻሕፍት ካርድ ከቤት ሆኖ ዳታቤዝ፣ ዲጂታል መጽሐፍና ፊልም ስለ መጠቀም፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ

የቤተ መጻሕፍት ካርድዎን ከቦርሳዎ ያውጡና ጀርባውን ይመልከቱ። ከባርኮዱ ጥቁር መስመሮች ሥር ረዥም ቁጥር ተጽፏል፤ በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ይህ ቁጥር በአብዛኛው 14 አኃዝ ያለው ሲሆን በ2 ይጀምራል። ብዙ ሰው ካርዱ የወረቀት መጽሐፍ ሲዋስ ማሽኑን ለማስነበብ ብቻ የተሰጠው ስለሚመስለው ቁጥሩን አንድ ቀንም ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ከግብር ከፋዩ ገንዘብ በየዓመቱ እየከፈለ የሚያቀርባቸው ዳታቤዞች (በኢንተርኔት የሚከፈቱ የተደራጁ የመረጃ፣ የጽሑፍና የመለማመጃ ስብስቦች)፣ የኤሌክትሮኒክና የድምፅ መጻሕፍት፣ ጋዜጦች፣ ፊልሞችና የሥልጠና ትምህርቶች ከቤት የሚከፈቱት በዚህ ቁጥርና በአንድ አጭር የምስጢር ቁጥር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው፤ ሆኖም አሠራሩ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ተቀራራቢ ስለሆነ በሲያትል ወይም በዳላስ ያለ ሰው የራሱን ቤተ መጻሕፍት ስም እየተካ ሊከተለው ይችላል።

እኔ ራሴ ይህን ከማወቄ በፊት የኮምፒውተር ሥልጠና ለሚሰጥ አንድ ድርጅት ከዓመት በላይ በየወሩ ስከፍል ቆይቻለሁ። የምከፍልበት ትምህርት፣ በዚያው መምህርና በዚያው ቪዲዮ፣ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ርቆ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ካርድ ላለው ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። በአገራችን ሰዎች ቤት በየወሩ ከባንክ ሒሳብ ተቆርጦ የሚሄደውን እንዲህ ያለ ገንዘብ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ።

ካርዱን ስለ ማውጣት

ካርድ ለማውጣት በአብዛኛው የሚያስፈልገው ፎቶ ያለበት መታወቂያና የመኖሪያ አድራሻን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ የአሁኑ ከሆነ እርሱ ብቻ ይበቃል፤ ካልሆነ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ደረሰኝ ይቀበላሉ። ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጻቸው ቅጽ ሞልተው ወዲያውኑ የሚሠራ ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ ጊዜያዊው ቁጥር ሁሉንም አገልግሎት ላይከፍት ስለሚችል አንድ ቀን በአካል ሄዶ ሙሉውን ካርድ መቀበል የተሻለ ነው።

በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ከአንድ በላይ ካርድ ሊኖረው እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አስተዳደሮች አንዳቸው የሌላውን ነዋሪ ስለሚቀበሉ በሞንጎመሪ ወይም በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በፌርፋክስ የሚኖር ሰው የዲሲን ካርድ በነፃ ማውጣት ይችላል። በሜሪላንድ ደግሞ የግዛቱ ነዋሪ የሆነ ሁሉ በየትኛውም የግዛቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመገልገል መብት አለው፤ በባልቲሞር የሚገኘው የኢኖክ ፕራት ቤተ መጻሕፍትም ለማንኛውም የሜሪላንድ ነዋሪ ካርድ ይሰጣል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የሞንጎመሪን፣ የዲሲንና የፕራትን ካርዶች በአንድነት ይዞ፣ አንዱ ጋ ወረፋው የረዘመውን መጽሐፍ ከሌላው ሊዋስ ይችላል ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንዳንድ አገልግሎቶች፣ በተለይ ቤተ መጻሕፍቱ በእያንዳንዱ ውሰት የሚከፍልባቸው፣ ለራሱ ለካውንቲው ነዋሪ ብቻ የተወሰኑ መሆናቸው ላይ ነው፤ አንዱ ካርድ ቢከለክልዎት የተሳሳቱ አይምሰልዎት።

ቁጥሩና ፒኑ

ፒን የሚባለው የምስጢር ቁጥር በብዙ ቦታ አራት አኃዝ ሲሆን፣ ካርዱን ሲያወጡ ሌላ ካልመረጡ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የስልክዎ ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ናቸው። ከረሱት በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የመግቢያ ሣጥን ሥር አዲስ ፒን የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ መልእክቱ የሚመጣው ካርዱን ሲያወጡ ባስመዘገቡት ኢሜይል በመሆኑ የተውት ኢሜይል ካለ አስቀድመው ያስቀይሩት።

የሰው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ ያየሁትን በዝርዝር ላውጋ። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ለዜግነት ፈተና መዘጋጀት ፈልገው ካርድ አወጡና በስልካቸው ሊገቡ ቢሞክሩ እንቢ አላቸው። «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት፤ 14ቱም ልክ ናቸው። ጣቴን በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ሳሳርፍ ግን ጠቋሚው መስመር ከመጨረሻው አኃዝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። ስልኩ ቁጥሩን ራሱ ሲሞላላቸው ከመጨረሻው አኃዝ ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ጨምሮበት ነበርና ማሽኑ ያንን እንደ አሥራ አምስተኛ ምልክት ቆጥሮታል። ባዶውን ቦታ አጥፍቼ ስጫን ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «አልከፍት አለኝ» ሲለኝ በቅድሚያ የማየው ይህንኑ ነው። ካርዱ ላይ ቁጥሮቹ በክፍተት ተከፋፍለው የተጻፉ ቢሆኑም ሲያስገቧቸው ያለ ክፍተት መሆን አለባቸው። የስልኩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ሁሉም ትክክል ሆኖ አሁንም ካልገባ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ እንደየቦታው ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መታደስ አለበት። ማደሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ያለፈበት መሆኑን የሚገልጽ ግልጽ መልእክት ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» የሚል ብቻ ይመጣል።

በየት በኩል እንደሚገቡ

አብዛኛው ሰው የዳታቤዙን ስም ጉግል ላይ ጽፎ ይፈልግና የመጀመሪያውን ውጤት ይከፍታል። በዚህ መንገድ የሚደርሰው ግን ክሬዲት ካርድ ወደሚጠይቀው ገጽ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዳታቤዙን ያዘጋጀው ድርጅት የሚያውቀው ውል የገባለትን ቤተ መጻሕፍት እንጂ እርስዎን አይደለም። በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በኩል ሲገቡ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሥርዓት ካርድዎን አጣርቶ ጥያቄዎን በራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ያሳልፈዋል፤ ለዳታቤዙ ከቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው የከፈቱት ያህል ይመስለዋል። ለዚህ ሥራ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግለው ኢዚፕሮክሲ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ የኢንተርኔት አድራሻዎን የሚለውጥ ቪፒኤን የተባለ ፕሮግራም ካለው ይህ አሠራር ሊደናቀፍ ስለሚችል ለጊዜው ያጥፉት።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ ከቤተ መጻሕፍትዎ ድረ ገጽ ይጀምሩ። በገጹ ላይ «ሪሶርስስ»፣ «ሪሰርች»፣ «ዳታቤዝስ» ወይም «ኢ-ላይብረሪ» የሚል ርዕስ ይፈልጉ፤ እርሱን ሲከፍቱ ሁሉም በፊደል ተራ ተዘርዝረው ያገኛሉ። ከየስማቸው አጠገብ ያለውን ማስታወሻ ያንብቡ። «ኢን ላይብረሪ ዩዝ ኦንሊ» የሚል ካለ ያ ዳታቤዝ የሚሠራው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚፈለግበት የአንሰስትሪ የቤተ መጻሕፍት እትም በተለምዶ እንዲህ ያለ ነው። ሌሎቹ ከቤት ይከፈታሉ። ለእነዚህ አገልግሎቶች ቤተ መጻሕፍቱ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠይቆ አያውቅም፤ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ከመንገዱ ወጥተዋል ማለት ስለሆነ ዘግተው ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ እንደገና ይጀምሩ።

መጽሐፍ በስልክ፤ ሊቢ

ለኤሌክትሮኒክና ለድምፅ መጻሕፍት በብዙ ቦታ የሚያገለግለው ሊቢ የተባለው መተግበሪያ ነው። ያወጣው ኦቨርድራይቭ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ በራሱ በኩባንያው ስም ይጠራ የነበረው አሮጌው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 አገልግሎቱን ስላቆመ ስልክዎ ላይ አሁንም ካለ ያጥፉትና ሊቢን ያውርዱ። ሲከፍቱት በቅድሚያ የቤተ መጻሕፍትዎን ስም ወይም የፖስታ ኮድዎን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የካርዱን ቁጥርና ፒኑን ያስገቡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ካርድ ካለዎት በዚያው ሊቢ ውስጥ ይጨምሯቸው፤ አንድ መጽሐፍ ሲፈልጉ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ቶሎ እንደሚሰጥዎት አነጻጽረው መምረጥ ይችላሉ።

መጽሐፉ ካለ «ቦሮው» የሚለውን ይጫኑ፤ ከሌለ «ፕሌስ ሆልድ» የሚል ይመጣልና ወረፋ ይያዙ። «ዲጂታል ከሆነ ለምን ወረፋ ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዲጂታሉን መጽሐፍ እንደ ወረቀቱ ገዝቶ የራሱ አያደርገውም፤ ከአሳታሚው ፈቃድ ይገዛል፣ አንዱ ፈቃድም በአንድ ጊዜ ለአንድ አንባቢ ብቻ ነው። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ወይ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ወይ ከተወሰነ ውሰት በኋላ ያልቃል፤ ሀርፐር ኮሊንስ የተባለው ታላቅ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ዲጂታል መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲገዛው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ቁጣ አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ ያነበቡትን መጽሐፍ ቀኑ ሳይደርስ «ሪተርን ኧርሊ» በሚለው መመለስ ከኋላ ለተሰለፈው ሰው የሚደረግ እውነተኛ ውለታ ነው። ቢረሱትም ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ ራሱ ስለሚመለስ የዘገየ ቅጣት የሚባል ነገር የለም።

ተራዎ ሲደርስ ሊቢ ያሳውቅዎታል፤ ከዚያ በኋላ ለመዋስ ያለዎት ጊዜ 3 ቀን ነው። በዚያ ሳምንት የማንበቢያ ጊዜ ከሌለዎት ተራዎን ከመልቀቅ ይልቅ «ዴሊቨር ሌተር» የሚለውን ቢመርጡ ወረፋዎን ሳያጡ ቀኑ ይገፋልዎታል። መጽሔቶች ወረፋ የላቸውም። ታክሲ ወይም ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶች የድምፅ መጻሕፍትን ቢሞክሩ እመክራለሁ፤ እንግሊዝኛን በጆሮ ለማዳበር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፣ ፍጥነቱንም ዝግ ማድረግ ይቻላል። መንገድ ላይ የስልክ ዳታ እንዳይበላ ቤት ሳሉ በዋይፋይ ያውርዱት። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰውም ይኸው ነው፤ ከመነሣቱ በፊት ካወረደው አውሮፕላን ላይም አዲስ አበባም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የፊልም አገልግሎቶች ግን ከአሜሪካ ሲወጡ ላይሠሩ ይችላሉ።

ፊልሙን በተመለከተ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም። ካኖፒ የተባለው የፊልም አገልግሎት በየወሩ የተወሰኑ ትኬቶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ፊልም ስንት ትኬት እንደሚወስድ ከመክፈትዎ በፊት ተጽፎ ያገኙታል፣ ለልጆችም የተለየ ክፍል አለው። ፊልም፣ ሙዚቃና መጽሐፍ የሚያውሰው ሁፕላ ወረፋ የለውም፤ በምትኩ በወር የሚዋሱት ብዛት የተወሰነ ነው፣ ምክንያቱም ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍለው በእያንዳንዱ ውሰት ነው። በሁፕላ ፊልም ለ3 ቀን፣ ሙዚቃ ለ7 ቀን፣ መጽሐፍ ለ21 ቀን ይሰጣል። ሁለቱንም የማይገዙ ቤተ መጻሕፍት ስላሉ የራስዎን ዝርዝር ይመልከቱ።

ዳታቤዞች ለምን ይጠቅማሉ

ዳታቤዝ የሚለው ስም የተማሪ ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን ለእኛ ማኅበረሰብ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚገዙትን ለርኒንግ ኤክስፕረስ ላይብረሪን ብንወስድ፣ የዜግነት ፈተናን፣ የሁለተኛ ደረጃ አቻ የሆነውን የጂኢዲን፣ የነርስነት ፈቃድንና የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድን የሚመለከቱ የመለማመጃ ፈተናዎችን በአንድ ቦታ ይዟል። በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በኩል በካርድዎ ከገቡ በኋላ የራስዎን ስምና የይለፍ ቃል ፈጥረው መለያ ይክፈቱ፤ ይህን ካላደረጉ የጀመሩት ፈተና ውጤት አይቀመጥልዎትም። መለማመጃውን ጨርሰው ሲያስረክቡ የተሳሳቱትን ጥያቄ ከነማብራሪያው ያሳይዎታል። ማብራሪያውን ማንበብ ነው ዋናው ጥቅም፤ ጥያቄውን ብቻ እየሸመደዱ ማለፍ በእውነተኛው ፈተና ቀን ያጋልጣል።

ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው እትዬ ያገኙት የመጀመሪያ ጥቅም ከዚህ ነው፤ ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረብኝ። ከዜግነት ፈተናው ውስጥ ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት የሚጠየቅበት የሲቪክስ ፈተናው ተለውጧል። የዜግነት ማመልከቻውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በፊት ያስገባ ሰው የሚጠየቀው ከቀድሞዎቹ 100 ጥያቄዎች ሲሆን፣ ከሚቀርቡለት እስከ 10 ጥያቄዎች 6ቱን መመለስ ይበቃዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስገባ ግን 128 ጥያቄዎችን ማጥናት አለበት፤ እስከ 20 ጥያቄ ይቀርብለታል፣ ለማለፍም 12ቱን መመለስ አለበት። እትዬ ያስገቡት ከለውጡ በኋላ ነበር፤ ከጓደኛቸው የወሰዱት ወረቀት ደግሞ የቀድሞው ባለ 100 ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም የመለማመጃ ፈተና ከመጀመርዎ በፊት የትኛው ዓመት ፈተና እንደሆነ ያረጋግጡና ከማመልከቻዎ ቀን ጋር ያስተያዩት፤ የጥያቄዎቹ ሙሉ ዝርዝር በዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላና በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የኖሩ ሰዎች የሚያጠኑት 20 ጥያቄዎችን ብቻ ስለሆነና በራሳቸው ቋንቋ መፈተን ስለሚችሉ፣ ወላጆቻችንን በረዥሙ ዝርዝር ከማስጨነቃችን በፊት ይህን ማጣራት ተገቢ ነው።

የኮምፒውተርና የቢሮ ሥራ ሥልጠና ለሚፈልግ ሊንክድኢን ለርኒንግ በብዙ ቤተ መጻሕፍት አለ። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ከገቡ ካርዱና ፒኑ ይበቃሉ፤ የሊንክድኢን የግል ገጽ መክፈት አያስፈልግም። መኪና ወይም ማቀዝቀዣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሻጩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ዕቃዎችን እየፈተነ የሚያወዳድረውን የኮንሱመር ሪፖርትስን ውጤቶች በካርዱ ቢያነብ ዋጋ ሲከራከር የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ልጆቻቸው አማርኛ እንዲለምዱ የሚፈልጉ ወላጆች ቤተ መጻሕፍታቸው ትራንስፓረንት ላንጉዌጅ ኦንላይን የተባለውን የቋንቋ ማስተማሪያ ይገዛ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሚያስተምራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ጋዜጣ ለማንበብ ፕሬስሪደር የብዙ አገሮችን ጋዜጦች እንደታተሙ ከነገጻቸው ያሳያል። ኒውዮርክ ታይምስን የሚሰጡ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለተወሰነ ሰዓት የሚያገለግል የመግቢያ ኮድ ይሰጣሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ ጋዜጣው የተዘጋ ይመስላል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ተመልሰው አዲስ ኮድ መውሰድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ለኮሌጅ ተማሪዎች ሁለት ምክር ልጨምር። የመጽሔትና የጥናት ጽሑፎች በሚገኙባቸው ዳታቤዞች፣ በኤብስኮ፣ በጌል ወይም በፕሮክዌስት፣ ሲፈልጉ «ፉል ቴክስት» የሚለውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት፤ አለበለዚያ ርዕሱና አጭር መግለጫው ብቻ ያላቸው ጽሑፎች ውጤቱን ያጨናንቁታል። ሁለተኛው፣ ያገኙትን ጽሑፍ ለነገ ለማስቀመጥ ከላይ ያለውን የድረ ገጽ አድራሻ አይቅዱ። ያ አድራሻ የዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ በማግሥቱ ሲከፍቱት «ሴሽኑ አልቋል» ይልዎታል። በገጹ ላይ «ፐርማሊንክ» የሚል ምልክት አለ፤ የማይሞተው አድራሻ እርሱ ነው። ከዚህም የሚሻለው ጽሑፉን በፒዲኤፍ ማውረድ ወይም ከዚያው ገጽ ወደ ኢሜይልዎ መላክ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብደው ሰው በጌል ገጾች ላይ ያለውን «ሊስን» የሚል ቁልፍ ቢጫን ጽሑፉ ይነበብለታል።

ስለ ጤና ለሚፈልግ ሰው ካርድ እንኳ የማያስፈልገው ሜድላይን ፕላስ አለ፤ የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሲሆን በአማርኛ የተተረጎሙ የጤና መረጃዎች ተለይተው የሚገኙበት ገጽ አለው።

የአማርኛ መጽሐፍ ስለ መፈለግ

በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍን በፊደላችን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ውጤት ያገኛል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ አለ። የካታሎጉ ሠራተኞች ርዕሱንና የደራሲውን ስም በላቲን ፊደል የሚመዘግቡት ራሱን የቻለ ደንብ ተከትለው ነው። በዚህ ደንብ ቀ የሚጻፈው በኪው እንጂ በኬ አይደለም፤ ጠ ደግሞ ከሥሩ ነጥብ ባለበት ቲ፣ ጸም ከሥሩ ነጥብ ባለበት ኤስ ይጻፋሉ። ሲፈልጉ ነጥቦቹን መተው ይችላሉ፤ ጸን ግን እንደለመድነው በቲና በኤስ ከጻፉት አይገኝም። የአጻጻፉ ነገር ካስቸገረዎት የላቀ ፍለጋ በሚለው ገጽ ላይ ቋንቋውን አምሃሪክ ብለው መርጠው የርዕሱን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ሁሉ ተዘርዝሮ ይመጣል። በሊቢም ውጤቱን በቋንቋ ማጣራት ይቻላል፤ እዚያ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ለግዢ መጽሐፍ የሚጠቆምበት ቅጽ ስላለ የአማርኛ መጻሕፍትን አብዝተን እንጠቁም፤ ጠያቂ ያልታየበት ቋንቋ በጀት ሲደለደል ይረሳል።

ምስጢርና እርዳታ

ማን ምን እንዳነበበ የሚያሳየው የቤተ መጻሕፍት መዝገብ በአብዛኞቹ ግዛቶችና በዲሲ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። ሆኖም እንደ ሊቢና ካኖፒ ያሉት አገልግሎቶች የግል ኩባንያዎች በመሆናቸው የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ኢሜይልዎን የሚጠይቁ ከሆነ የባንክዎን የይለፍ ቃል እዚያ አይድገሙ። በሕንፃው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ሲጠቀሙ ከመነሣትዎ በፊት «ሳይን አውት» ብለው መውጣትዎን ያረጋግጡ።

አንድ ነገር አልሠራ ሲል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደወልን እንደ ሸክም አይቁጠሩት፤ የሠራተኞቹ ሥራ ይኸው ነው። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ሲደውሉ ወይም ጠረጴዛው ዘንድ ሲቀርቡ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል፤ ሠራተኛው በስልክ አስተርጓሚ ያገናኝዎታል፣ ለዚህም ምንም አይከፍሉም። ከመደወልዎ በፊት ካርዱን እጅዎ ላይ ይያዙ፣ የሚጠቀሙት ስልክ አይፎን ወይም አንድሮይድ መሆኑን ይወቁ፣ የመጣብዎትንም የስሕተት መልእክት ከመዝጋትዎ በፊት በስክሪንሾት ያስቀሩት።